ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው

«ዘጋችብኝ! ደግማ ዘጋችብኝ!» ቅመም የጆሮ ማዳመጫውን ከራሷ ላይ መንጭቃ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ያቺ ዝምታ ያልናት ደዋይ ናት። ምን ልርዳዎት ብዬ አፌን ሳልገጥም ቀጭ! ምነው፣ ባሏን ቀማኋት?»

«የቀድሞ እጮኛሽ ይሆናል» አለ ከኋላ ረድፍ አንዱ አፉን በእጁ ጋርዶ።

«የኔ እጮኛ ዝም ይላል? እሱ ቢሆን እስካሁን አልቅሶ ጨርሶ ብድር ይጠይቀኝ ነበር።»

ረድፉ በሙሉ ሳቀ፤ ግን በአዳራሹ ደንብ መሠረት ድምፅ ሳያወጣ። እዚያ ሰው የሚስቀው በትከሻው ነው።

አዳራሹ የውሃ መሥሪያ ቤቱ የስልክ አዳራሽ ነው። ውሃ የጠፋበት፣ ቧንቧ የፈነዳበት፣ ጎርፍ ሳሎኑ የገባበት ሁሉ ወደዚህ ይደውላል። አዳራሹ ግን ውሃ አይለቅም፣ ቧንቧ አይጠግንም፣ ጠጋኝም አይልክም። ይህ በግልጽ መነገር አለበት፤ እዚያ የሚሠሩት እንዲናገሩት አልተፈቀደላቸውምና። የተፈቀደላቸው «ቅሬታዎ ደርሶናል፤ ለሚመለከተው ክፍል እናስተላልፋለን» ማለት ነው። የሚመለከተው ክፍል የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ቅመም አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሕንፃውን ከምድር ቤት እስከ ጣራው ስትፈልገው ውላ፣ መጥረጊያ የታጨቀበት ክፍል አግኝታ ተመልሳለች። «አላውቅም» ማለት ክልክል ነው። ከደዋይ ቀድሞ ስልክ መዝጋት ክልክል ነው። ሰውን በትሕትና በጥም ማድረቅ ሙያ ሆኖ፣ ሥልጠና ተሰጥቶበት፣ ደመወዝ የሚከፈልበት ዘመን ላይ ደርሰናል።

ከቅመም ጎን የተቀመጠችው ሴት አልሳቀችም። ጉሮሮዋን ስለሚያማት ሳቅም ትቆጥባለች። በአዳራሹ ስሟን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም «እባክዎ» ይሏታል። ሰው በደወለ ቁጥር መጀመሪያ የሚሰማው የሷን ድምፅ ነውና። «ውድ ደንበኛችን፣ መስመሮቻችን ለጊዜው ተይዘዋል። ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው። ተራዎ እስኪደርስ እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁን።»

የተቀዳችው አዲስ የተቀጠረች ሰሞን ነው፤ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ በተሰቀለበት የዕቃ ክፍል ውስጥ። የቀዳት ሰው «የምትወጂው ሰው ፊትሽ ተቀምጦ ሲጠብቅሽ ይታይሽና ተናገሪ» አላት፤ ታያትና ተናገረች። ያን ጊዜ ድምፅዋ የጠዋት ውሃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጠዋት እስከ ማታ ስታወራ፣ ይቅርታ ስትል፣ ያላጠፋችውን ስትክስ፣ ድምፅዋ ሻከረ፤ ኋላም ተሰነጠቀ። አሁን አሁን ደዋዮች ከቅጂው ወጥተው ወደ ራሷ ሲሻገሩ «ቅድም የነበረችውን ልጅ አገናኙኝ» የሚሏት አሉ። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም «አንቺ ተይው፣ ያቺ ጨዋ ናት» ብለዋታል። በራሷ ድምፅ መቅናት ከጀመረች ቆይታለች። ለማንም አልተናገረችም፤ ምን ተብሎ ይነገራል?

ፊቷ ያለው ትንሽ መብራት በራ። ጫነችው።

«እንደምን ዋሉ፣ ምን ልርዳዎት?»

ጭጭ። ቅመም በቅንድቧ «እሷ ናት?» አለቻት። እባክዎ ራሷን ነቅንቃ «እሷ ናት» አለች። ዝምታ ሁልጊዜ ወዲያው ትዘጋለች፤ አሁን ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ትንሽ ቆየች። በዚያች ትንሽ ፋታ ውስጥ አንድ ነገር ተሰማ።

ቷ።

ቆይቶ ደግሞ፣ ቷ።

ቆርቆሮ ላይ የሚወድቅ የውሃ ጠብታ። የእባክዎ እጅ አየር ላይ ቀረ። ቆርቆሮውን ታውቀዋለች። ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ከሚያፈሰው ቧንቧ ሥር ያስቀመጠችው እሷው ናት፤ ብስኩቱ ካለቀ ዓመታት ያለፉት፣ ክዳኑ የጠፋ የብስኩት ቆርቆሮ። ቧንቧውን «እሑድ አሠራዋለሁ» እያለች ስንት እሑድ አልፏል። ከጠብታው ቀጥሎ ወንበር ሲጥ አለ፤ እግሩ በሽቦ የታሰረው ወንበር። ከዚያም ቀስ ብሎ፣ እንዳያስቸግር የተጠነቀቀ ጉሮሮ መጥረግ።

አፏን ከፈተች። አዳራሹ ውስጥ የሚነገር ሁሉ ይቀዳል፤ ከተጻፈላት ዓረፍተ ነገር ውጭ ለደዋይ የተናገረችው ነገር የለም። «እ...» ከማለቷ ስልኩ ተዘጋ።

«አየሽ? እኔን ብቻ አይደለም» አለች ቅመም። «ምነው ፊትሽ እንዲህ ሆነ? ሰደበችሽ እንዴ?»

«አልሰደበችኝም።»

«ታዲያ?»

«አላወቀችኝም።»

ቅመም ምን ማለቷ እንደሆነ ልትጠይቃት ስትል የራሷ መብራት በራ። «እንደምን ዋሉ፣ ምን ልርዳዎት» አለች፤ ዓይኗ ግን ከጓደኛዋ ፊት አልተነሳም።

የአዳራሹ አለቃ የሚቀመጠው በመስታወት ክፍል ውስጥ ነው። ከውጭ ሲታይ አፉ ይከፈታል፣ ይገጠማል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ስለዚህ ዓሣው ይሉታል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ከሰዓት በኋላ እባክዎን በመስታወቱ ውስጥ በእጁ ጠራት።

«ነይ፣ ቁጭ በይ። ጉሮሮሽ እንዴት ነው?»

«ያው ነው።»

«ሐኪሙ እረፍት ብሎሽ የለ? እረፍት ይዤልሽ መጣሁ።» ኮምፒውተሩን ወደሷ አዞረ። «ይቺ ማሽን ትናገራለች። የድሮ ቅጂሽን አሰማኋት። ከዚያች ከአንዲት መልእክት ብቻ፣ ታምኛለሽ? ድምፅሽን ከነለዛው ለቀመችው። ስሚ እስቲ።»

በሁለት ጣቱ ለቀም ለቀም እያደረገ ጻፈ። ከድምፅ ማጉያው «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚል ድምፅ ወጣ።

እሷ ናት። ያልተሰነጠቀችው፣ የጠዋት ውሃዋ። ግን ይህን በሕይወቷ ለማንም ቀድታ አታውቅም። የጠፋ ቀሚሷን መንገድ ላይ ሌላ ሴት ለብሳው፣ ያውም አምሮባት ስትሄድ ያየች መሰላት።

«ከስልኩ ትነሻለሽ» አለ ዓሣው። «ፎቅ ላይ ጠረጴዛ ይሰጥሻል፤ ደመወዝሽ አይነካም። ስልኩን ቀስ በቀስ እሷ ትይዘዋለች።» «እሷ» አላት፣ ማሽኗን።

«ቅመምስ?»

«ለቅመምም ይታሰባል።» ይህን ሲል ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር። የሚያስበው ማን እንደሆነ አልተናገረም። የሚመለከተው ክፍል ይሆናል።

«የፈለግሽውን ጻፊባት። አትፍሪ እንጂ፣ የራስሽ ድምፅ አይደል?»

ጣቷን ፊደሎቹ ላይ አድርጋ ትንሽ አሰበች። አንዲት ቃል ጻፈች።

«እማዬ» አለች ማሽኗ።

አባባሏ! ለስላሳ፣ ያልቸኮለ፣ መጨረሻው ላይ በጥቂቱ ከፍ ያለ፤ ከትምህርት ቤት ሮጣ መጥታ በሩን በትከሻዋ የምትገፋ ሕፃን እንደምትለው። እሷ ቃሉን እንዲህ ካለችው ስንት ዘመኗ ነው? ማታ ቤት ስትገባ በሩ ላይ የምትለው «አለሁ» ነው። ከዚያ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ተረኛ ቀረ ብለው መልሰው ይጠሯት እንደሆነ ስልኳን እያየች። እናቷ ትጠይቃታለች፣ እሷ በአንገቷ ትመልሳለች። ቃሏን ሁሉ ለማታውቀው ሰው ስታከፋፍል የዋለች ሴት ለእናቷ ይዛ የምትገባው አንገቷን ብቻ ነው።

«አየሽ? ከአንቺ ሳትሻል አትቀርም» አለ ዓሣው፤ ማሞገሱ ነበር። ቀጥሎ አንድ ነገር ትዝ አለው። «ደግሞ ያቺን ዝምታ የምትሏትን ከአሁን ጀምሮ ዘግተናታል። የደዋይ ቁጥር ለእኔ ብቻ እኮ ነው የሚታየው፣ እናንተ አታውቁም፤ ቀኑን ሙሉ ስትደውል ነው የምትውለው። ቅጂውን ደጋግማ ትሰማና ሰው ሲመጣ ትዘጋለች። ጤነኛ አይደለችም።»

«አትዝጉባት።»

«ለምን?»

«እናቴ ናት።»

ዓሣው ሳቀ። ከልቡ፣ ድምፅ አውጥቶ ሳቀ፤ በመስታወት ክፍል ውስጥ ያለው አንድ ጥቅም ይኸው ነው። «አንቺ! ደንበኛ ሁሉ እናታችን ነው እኮ። ይቺን ለስብሰባ ያዢልኝ፣ ሰው ይወድልሻል።»

ልትደግምለት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። በዚህ ሰዓት ድምፅዋ እንደ ቧንቧ ውሃ ያለ ማስታወቂያ ይቋረጣል። ዓሣው ውሃ ቀድቶ ሰጣት። ክፉ ሰው አይደለም ተብሏል።

«ይኸውልሽ» አለ፣ ስትጠጣ ጠብቆ። «ያለፈቃድሽ አናደርገውም። ማታ እደውልልሻለሁ። እሺ ካልሽ ነገ እናስጀምራታለን። እሺ ካላልሽ የሌላ ሰው ድምፅ እንፈልጋለን፤ አንቺም ያው ከስልኩ ጋር ትቀጥያለሽ። ከጉሮሮሽ ጋር ተማከሪ።»

በአውቶቡሱ መስኮት አጠገብ ቆማ ተማከረች። እሺ ብትል ጉሮሮዋ ያርፋል። እሺ ብትል ቁጥሩንም ለምና ታስከፍት ይሆናል፤ እናቷ ትደውላለች፣ ያቺ የማትደክመው ቀኑን ሙሉ «እማዬ» ትላታለች፣ የሾርባውን ጨው ትጠይቃታለች፣ ጉልበትሽ እንዴት ዋለ ትላታለች። ምን ይጎድላል? ምንም የሚጎድል ነገር አላገኘችም። እንዲህ ያለው ነገር ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ተደምሮ ተቀንሶ ሲታይ ምንም አይጎድለውም። ከንፈሯን ሳትከፍት «እማዬ» ለማለት ሞከረች። ደግማ፣ አሁን ድምፅ አውጥታ ሞከረችው። አጠገቧ የቆመ ሰው ዘወር ብሎ አያትና ቦርሳውን ወደ ደረቱ ሳብ አደረገ።

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ምድጃና ቧንቧ፣ በሁለቱ ግድግዳ ሁለት አልጋ፣ መሀል ላይ ጠረጴዛ። እናት ጉልበቷ ከያዛት ጀምሮ ደረጃ አትወርድም። በሽቦ የታሰረው ወንበር ላይ፣ ከቤቱ ስልክ አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

«አለሁ» አለች ልጅ በሩ ላይ።

«መጣሽ? ሾርባው እንደሞቀ ነው። ዛሬ ስልኩ እምቢ አለኝ።»

«የት ደውለሽ?»

እናት የቀሚሷን ጫፍ ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «ወደ አንቺ ነዋ።»

«እኔ ጋ የደወለ የለም።»

«አንቺ ጋ እንኳ አይደለም። ልጅቷ ጋ።»

«የትኛዋ ልጅ?»

«ውድ የምትለኝ። አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ውድ ያልሽኝ?» እናት ሳቀች፤ ሳቋ ግን ተይዛ የተገኘች ሰው ሳቅ ነበር። «አትቆጪ። የተቀዳ መሆኑን አውቃለሁ፤ የዚያን ያህል አልጃጀሁም። አንቺ መሆንሽንም አውቃለሁ። የወለድኩት ጉሮሮ ይጠፋኛል?»

ዛሬማ ጠፍቶሻል፣ ልትላት ፈልጋ ዋጠችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ እንደነጫማዋ።

«እና እዚያ ደውለሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እጠብቃለሁ። እባክዎ ይጠብቁን ትለኛለች፣ እጠብቃታለሁ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ? አንቺ ማታ አንገትሽን ይዘሽልኝ ትመጫለሽ፤ እኔ ደግሞ ቀን ከሷ ጋር እውላለሁ። ቀጠሮዋን አክባሪ ናት፤ ስደውል አለች። ለመስመሩም አይከፈልም።»

«ሰው ሲያነሳስ?»

«እዘጋለሁ። ሥራ የያዘን ሰው ምን ብዬ አስቸግራለሁ?»

«የቧንቧውን ብትነግሪያቸው ምን ነበረበት?»

«የቧንቧውን? ለእነሱ?» እናት እጇን አወናጨፈች። «ከመሥሪያ ቤቱ አንዲት ልጅ ቤቴ እያደረች ያልተሠራ ቧንቧ በስልክ ይሠራል?»

ሁለቱም ቧንቧውን አዩት። ቷ፣ አለ ቆርቆሮው፤ ጉዳዩ የሚመለከተው እሱ ብቻ ይመስል።

«ዛሬ ደግሞ» አለች እናት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንዷ አንጀቴን በላችው። ምን ልርዳዎት ትለኛለች፣ የሷ ድምፅ ራሱ ምርኩዝ የሚፈልግ። የተሰነጠቀ ጀበና ይመስል ቃሉ በየስንጥቁ ያፈሳል። እስቲ ላጫውታት አልኩና ትንሽ ቆየሁ። ደግሞ አሰብኩት፣ አይ፣ ይቺንስ አላደክማት፣ እናቷ ጋ ትግባ፣ ብዬ ዘጋሁላት።»

«ዘጋሽላት?»

«ዘጋሁላት። ዘጋሁባት አይደለም፣ ዘጋሁላት።»

ልጅ ማልቀስ ሳይሆን መቆጣት አማራት። ግን ማንን? ውሃ ያቀበላትን ዓሣ? የቀዳትን ሰው? ቀኑን ሙሉ ከቅጂዋ ጋር ስትጫወት ውላ፣ እውነተኛዋ ስትመጣ በአዘኔታ የዘጋችላትን ይቺን አሮጊት? ቁጣው የሚያርፍበት አጥቶ ደረቷ ላይ ተቀመጠ።

ስልኳ ጮኸ።

«አንሺው፣ አለቃሽ ነው» አለች እናት። «ተረኛ ቀርቶባቸው ይሆናል።» ይህን ስትል ከወንበሩ ሳትነሳ እጇን ዘርግታ፣ ልጇ ስትገባ ጠረጴዛው ላይ የጣለችውን ኮት አነሳች፤ ልታቀብላት፣ እንደ ወትሮው እጅጌውን ወደ ውጭ ገልብጣ፣ ለመልበስ እንዲመቻት።

ልጅ ኮቱን የያዘውን እጅ እያየች ስልኩን አነሳች።

«እባክዎ!» አለ ዓሣው። «አሰብሽበት?»

«አስቤበታለሁ።»

«እሺ በይና ተገላገይ። ከነገ ጀምሮ እኮ አንዲት ቃል ከአፍሽ እንድታወጪ የሚጠብቅሽ ሰው አይኖርም።»

እውነቱን ነበር። ከሁሉ የከፋውም ይኸው ነው፣ ውሸት አልነበረውም።

«ድምፄ ተይዟል» አለች።

«ምን አልሽ? አልሰማሁሽም፣ ትቆራረጫለሽ።»

«ድምፄ ተይዟል አልኩዎት። እባክዎ አይጠብቁኝ።»

ከደዋይ ቀድሞ ስልክ መዝጋት ክልክል ነው። ዘጋችው።

እናት ኮቱን እንደያዘች አፏን ከፍታ ታያታለች። ልጅ ተነስታ ወደ ማዕዘኑ ሄደች፤ የእጅ ፎጣውን ከሚስማሩ ላይ አውርዳ፣ አራት አድርጋ አጥፋ ቆርቆሮው ውስጥ አነጠፈችው። ቤቱ ጸጥ አለ።

«ቧንቧው ቆመ እንዴ?»

«አልቆመም። እሑድ።»

«አይ ያንቺ እሑድ!»

በርጩማውን ጎትታ ከወንበሩ ጎን፣ እናቷ ደህና በምትሰማበት ጆሮ በኩል አስጠግታ ተቀመጠች። ፎጣው ጠብታውን ዝም አሰኝቶላታል፤ የቀረላት ድምፅ ትንሽ ቢሆንም ይበቃ ነበር።

«እማዬ» አለች። ቃሉ መሀል ላይ ተሰነጠቀ። ማሽኗ ካለችው ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

«ወዬ።»

«ያቺ ዛሬ አንጀትሽን የበላችው ሴትዮ እኮ...»

«እህ፣ ምን ሆነች?»

«ቤቷ ገባች።»

እናት ፊቷን አዙራ ልጇን አየቻት፤ ዓይኗን አየች፣ ከዚያ አንገቷን፣ ከዚያ የሻከረው ነገር የሚወጣበትን ጉሮሮ። የያዘችውን ኮት እጅጌውን መልሳ አስገብታ፣ ቀስ ብላ በወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቀለችው።

«እሰይ» አለች። «በይ እንግዲህ ጫማሽን አውልቂ።»